ትንንሽ የእጅ መሣሪያዎቼን የት ላድርጋቸው? ግድግዳ መብሳት አልችልም

የባህር ዳሯ መምህርት | ሰኔ 3

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ሳነብ ቆይቻለሁ፤ ስጽፍ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

የምኖረው ባህር ዳር ነው። ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ቅዳሜና እሁድ እንጨት እሠራለሁ። ዱካ፣ መደርደሪያ፣ ለተማሪዎቼ ደግሞ የፔንዱለም ማንጠልጠያ።

የምሠራባት ክፍል ከተከራየሁበት ቤት ጀርባ ያለች ሰርቪስ ናት። 2 ሜትር በ2 ሜትር ከ40። ግድግዳዋ ጭቃ ሆኖ በሲሚንቶ ተለስኗል። ወለሉ ሊሾ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒስ የለውም። አከራዬ እንደ እናት ናቸው። የለመኑኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ልጄ፣ ግድግዳዬን እንዳትበሺብኝ»። እውነታቸውን ነው። ጭቃ ቤት ላይ የተመታ ሚስማር ማገሩን ካላገኘ ልስኑን ይዞ ነው የሚወርደው።

ያለኝን ልንገራችሁ። ሁለት መዶሻ፣ አንድ መላጊያ፣ የእንጨት መጋዝ፣ ሰጌቶ (የብረት መጋዝ)፣ አራት መሮ (የ6፣ የ10፣ የ16 እና የ25 ሚሊ)፣ ሁለት ፒንሳ፣ አንድ ጉጠት፣ ዘጠኝ ካቻቢቴ፣ ሦስት ሊማ፣ ስኳድራ፣ ሜትር፣ የእጅ ትራፓኖ (መብሻ) ከነፑንታዎቹ፣ ማለትም ከሚበሱት ጫፎቹ ጋር። ብሎንና ሚስማሩን አልቆጠርኩትም። ይህ ሁሉ በአንድ የብረት ሣጥን፣ በሁለት ባልዲና በወተት ዱቄት ጣሳዎች ውስጥ ተዘበራርቆ ነው ያለው።

ትልልቁ አይጠፋብኝም። መጋዝ የት ይሄዳል? የሚያስቸግሩኝ ትንንሾቹ ናቸው። ባለፈው ቅዳሜ የ10ሩን መሮ 40 ደቂቃ ፈለግሁ። ሰዓት አይቼ ነው የምነግራችሁ። ሣጥኑን ገለበጥኩ፣ ባልዲዎቹን ገለበጥኩ፣ የለም። ሲመረኝ በጠፍጣፋ ካቻቢቴ መቦርቦር ጀመርኩ። የዱካው እግር ለሁለት ተሰነጠቀ። ሦስት ቅዳሜ የለፋሁበት ዋንዛ ነበር። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ሌላም አለ። ፍለጋው ሲሰለቸኝ ሄጄ ሌላ እገዛለሁ። ዛሬ ስቆጥር የ6 ሚሊ ፑንታ ሦስት አለኝ። የ5 ግን አንድም የለም።

አሁን ደግሞ ክረምቱ እየገባ ነው። የባህር ዳርን ክረምት ታውቁታላችሁ። አምና ሣጥኑን ለሦስት ሳምንት ሳልከፍተው ቆይቼ ሊማዎቹ በሙሉ ቀይ ሆነው አገኘኋቸው። ጠዋት ጠዋት ከቆርቆሮው ሥር ውሃ ይንጠባጠባል።

ግድግዳ ሳልነካና ብዙ ብር ሳላወጣ፣ እጄን ስዘረጋ የምፈልገው እንዲገኝልኝ እንዴት ላስቀምጣቸው? በዓይነት ልለያቸው ወይስ በሥራ? ከዝገቱስ በምን ላድናቸው?

አናጺ ከማርቆስ | ሰኔ 3

እህቴ፣ ስለ ዱካው ከልቤ አዝኛለሁ። የተሰነጠቀውን እግር እንዳትጥዪው። ኮላ ቀብተሽ ጥብቅ አድርገሽ ካሰርሽው ሌላ ትንሽ ሥራ ይወጣዋል።

ከእንጨት ጋር 31 ዓመት ኖሬያለሁ። ከመሮው ልጀምር። መሮ ጣሳ ውስጥ አይቀመጥም። ባልዲውንማ ተይው። ስለት ከብረት ጋር በተጋጨ ቁጥር ይበላል። ዓይንሽ ላያየው ይችላል፤ እንጨቱ ግን ያሳይሻል። ያቺን ጉድፍ ለማውጣት ደግሞ መሳያ ድንጋይ ላይ ስንት ሰዓት ትፈጊያለሽ።

ወፍራም ሸራ ግዢና ልብስ ሰፊ ጋ ውሰጂው። ለእያንዳንዱ መሮ ለየብቻ ኪስ ይስፋልሽ። ኪሱ ከመሮው በአንድ ጣት ይስፋ። ከታች ቁራጭ ቆዳ ይደረብበት፤ አለዚያ ስለቱ በሳምንት ውስጥ ይበሳዋል። ከላይ የሚታጠፍ ክዳን ይኑረው። አንድ ነገር ግን አደራ። ሸራ እርጥበት ይጠጣል። በክረምት ጠቅልለሽ አትተዪው፤ ዘርግተሽ ስቀዪው።

ለካቻቢቴ ምንም መግዛት አያስፈልግሽም። 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ሞራሌ (ባለ አራት ማዕዘን የተሰነጠቀ እንጨት) ውሰጂ። በየ5 ሳንቲ ሜትሩ ብሺው። ቀዳዳው ከካቻቢቴው ዘንግ በትንሹ ይስፋ፣ ከእጀታው ግን ይጥበብ። ካቻቢቴው ይገባና በእጀታው ይቀመጣል። ዘጠኙም በአንድ ረድፍ ይታዩሻል።

ስለ ዘይቱ ደግሞ ልንገርሽ። የምግብ ዘይት እንዳትቀቢ። አንድ ተለማማጅ ነበረኝ፣ ትጉህ ልጅ ነው። መሣሪያውን ሁሉ በኑግ ዘይት ወልውሎ አስቀመጠልኝ። ከጥቂት ወራት በኋላ ስናወጣው እንደ ሙጫ እጅ ይይዛል፤ አቧራውም ተጋግሮበታል። ኑግ አየር ሲያገኝ ይደርቃል። የሲንጀር (የልብስ ስፌት መኪና) ዘይት ይሻላል። በጨርቅ ጠብ አድርገሽ ስስ አድርገሽ መወልወል ነው። የሚታይ ዘይት ከቀረ በዝቷል ማለት ነው።

የዛጉትን ሊማዎች መጀመሪያ በሽቦ ብሩሽ ጥረጊያቸው። ከዚያ አቼቶ ውስጥ አንድ ሌሊት ነክረሽ አሳድሪያቸው። ጠዋት እንደገና በብሩሽ፣ ቀጥሎ ሶዳ በገባበት ውሃ ማለቅለቅ። ወዲያው ፀሐይ ላይ አድርቀሽ ዘይት ቀቢ። ሳይደርቁ ሻይ ልጠጣ ብለሽ ከተውሻቸው ስትመለሺ ቀልተው ትደርሺባቸዋለሽ።

ኮምቦልቻ 2ኛ ፈረቃ | ሰኔ 4

መምህርት፣ ሰላም ነዎት? እኔ እንጨት ሠሪ አይደለሁም። ፋብሪካ ውስጥ የጥገና ሠራተኛ ነኝ። ግን ጥያቄዎ የእኛም ጥያቄ ነበር።

የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ የካይዘን፣ ማለትም ሥራን በየጊዜው የማሻሻያ የጃፓን ዘዴ፣ ሥልጠናው እኛም ጋ ደረሰ። «5ቱ ማዎች» ይባላል። ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። መጀመሪያ ብዙዎቻችን ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ብቻ መስሎን ነበር። የጥገና ክፍላችንን ሳየው ግን ሐሳቤን ቀየርኩ። በፊት አንድ ማሽን ሲቆም ቁልፍ ፍለጋው ከጥገናው ይበልጥ ነበር።

መደርደሪያ ከመሥራትዎ በፊት ያጣሩ። ይህን አይዝለሉት። ያለዎትን ሁሉ ግቢ ውስጥ ሸራ ላይ ያውጡት። አንዲት ብሎን ሣጥን ውስጥ አትቅር። ከዚያ ሦስት ቦታ ይክፈሉት። በየሳምንቱ የሚነኩት፣ አልፎ አልፎ የሚፈልጉት፣ ዓመት ሙሉ ያልነኩት። ሦስተኛው ክምር ከሰርቪሷ ይውጣ። ለሰው ይስጡት፣ ወይ ለቁራሌው ይሽጡት። እስካሁን ቦታ ሲበላብዎት የነበረው እሱ ሊሆን ይችላል።

«በዓይነት ወይስ በሥራ» ላሉት፣ እኔ በድግግሞሽ ነው የምለው። በየቀኑ የሚነሳው ከወገብ እስከ ዓይን ባለው ከፍታ ላይ ይሁን። አልፎ አልፎ የሚፈለገው ከላይ ወይ ከታች። እኛ ደግሞ የእያንዳንዱን መሣሪያ ቅርጽ ሰሌዳው ላይ በቀለም ሥለናል። ቁልፉ ከተነሳ ጥላው ባዶ ሆኖ ይታያል። ፈረቃ ስንቀያየር ማንም ማንንም አይጠይቅም። ባዶው ቦታ ይናገራል።

የሚከብደው አምስተኛው ነው፣ ማዝለቁ። እኛ ፈረቃ ሊያልቅ 10 ደቂቃ ሲቀረው ሥራ አቁመን ዕቃ እንመልሳለን። እርስዎም ሰዓትዎን ይሙሉ።

ዴንቨር ጋራዥ | ሰኔ 4

እህቴ ሰላም። እኔ ኮሎራዶ ውስጥ የመኪና መካኒክ ነኝ። ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ የማክለው አንድ ነገር ነው፤ ግን ብዙ ያስከፈለኝ ነገር ነው።

ኢንችና ሚሊ ሜትር አንድ ላይ እንዳታስቀምጪ።

እዚህ ሁለቱም አለ። የ13 ሚሊ ቁልፍ ጭንቅላቱ ግማሽ ኢንች የሆነ ብሎን ላይ ይገባል። ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊ ነው። የ0.3 ክፍተት ትቀራለች። ትንሽ ትመስላለች፤ ጠብቆ የታሰረ ብሎን ላይ ግን ጭንቅላቱን ታከበዋለች። ከዚያ በኋላ ያንን ብሎን ማውጣት ሌላ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የ19 ሚሊና የሦስት አራተኛ ኢንች ቁልፎች ግን ልዩነታቸው 0.05 ብቻ ስለሆነ አይጎዳም። ችግሩ የትኛው እንደሚጎዳና የትኛው እንደማይጎዳ ሥራ ላይ ሆነሽ አታስታውሺውም። ስለዚህ እኔ የኢንቹን በሙሉ ቀይ ናስትሮ ጠቅልዬበታለሁ። መሳቢያውም ሌላ ነው።

ይህን የምነግርሽ ለምን መሰለሽ? ሦስት የ6 ሚሊ ፑንታ አለኝ ብለሻል። እስኪ ለኪያቸው። ከውጭ በዘመድ ሻንጣ የመጣ ካለበት ሩብ ኢንች ሊሆን ይችላል። እሱ 6.35 ነው። በዓይን አይለይም።

ፑንታ ለማስቀመጥ ደግሞ ቁራጭ ጣውላ ይበቃል። እያንዳንዱን ፑንታ በራሱ ቀዳዳ ትከዪው። ከፊቱ ቁጥሩን ጻፊ። የ5ቱ ቦታ ባዶ መሆኑን ያኔ ሱቅ ከመሄድሽ በፊት ታውቂዋለሽ።

ምናለሽ ተራ | ሰኔ 5

ቲቸር፣ ብር አታውጪ! እኔ መርካቶ ነው ያደግሁት። ምናለሽ ተራ ለሰው ቆሻሻ የሚመስለው ሁሉ ዕቃ ሆኖ ሲወጣ እያየሁ ነው የተማርኩት።

ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን አለ አይደል? አስተኚውና አንዱን ጎኑን ቅደጂ። እጀታው ከፊት ይሁን። መሳቢያ ሆነልሽ ማለት ነው። መደርደሪያ ላይ ስድስቱን ደርድሪ። ሚስማር፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ሁሉም ለየብቻ። ውስጡ እንዲታይሽ ደግሞ ከያንዳንዱ አንድ ናሙና ፊቱ ላይ እሰሪበት። ከጽሑፍ ይፈጥናል።

የጎማ ካላማዳሪያ ከጎሚስታ በነፃ ትወስጃለሽ። ሦስት ጣት በሚያህል ስፋት ቁረጪው። ጣውላ ላይ በየ4 ሳንቲሙ እያንጠለጠልሽ በሚስማር ምቺው። በየመሃሉ የሚቀረው ቀለበት ፒንሳውን፣ ሊማውን፣ ጉጠቱን ይይዛል። ጎማው ስለሚለጠጥ ወፍራሙንም ቀጭኑንም እኩል ያቅፋል።

የተበላሸ ስፒከር ካገኘሽ ከውስጡ ማግኔቱን አውጪ። ጣውላ ላይ አጣብቂውና መሮና ፑንታ ለጥፊበት። እኔ ሁሉን ነገር እንደዛ ነው የማደርገው።

አናጺ ከማርቆስ | ሰኔ 5

የካላማዳሪያዋን ነገር ወድጃታለሁ፤ እኔም እሠራታለሁ። መሮን ማግኔት ላይ ግን አልስማማም። አንድ ጊዜ ሞክሬው ስለቱ ላይ የብረት ብናኝ እየለጠፈ አስቸግሮኛል። ምክንያቱን መምህርቷ ታውቀው ይሆናል።

የባህር ዳሯ መምህርት | ሰኔ 12

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። እያንዳንዱን መልስ ደብተር ላይ ገልብጬዋለሁ። ስቆይ የጠፋሁ እንዳይመስላችሁ፣ እየሞከርኩ ነበር።

መጀመሪያ ማግኔቱ። ጋሼ ልክ ነዎት። መሮና ፑንታ የሚሠሩት ከጠነከረ አረብ ብረት ነው። እንዲህ ያለ ብረት ማግኔት ላይ ከቆየ ራሱ ማግኔት ይሆናል፤ በቀላሉም አይለቅም። ስለዚህ ብናኙን ይዞት ይዞራል። ስትስሉት ብናኙ በስለቱና በድንጋዩ መሃል ይገባና ይጭረዋል። ካቻቢቴ ላይ ግን ተቃራኒው ነው። ብሎኑን ጫፉ ላይ ይዞ ስለሚቆይ ይጠቅማል። ስለዚህ የምናለሽ ተራን ማግኔት ለሁለት ካቻቢቴዎች ብቻ ልጠቀምበት ነው። ከትምህርት ቤቱ ኮምፓስም አርቄዋለሁ።

ቀጥሎ ፑንታዎቹ። ከላቦራቶሪ ካሊፐር ተውሼ ለካሁ። የዴንቨሩ ወንድሜ፣ በርቀት ሆነህ አወቅህ! አንዱ 6.35 ነው። ባለፈው ዓመት የሠራሁት መደርደሪያ አንዱ ዘንግ ለምን እንደሚንቀጠቀጥ አሁን ገባኝ። ቀይ ናስትሮ ተጠቅልሎበታል።

የዝገቱን ነገር ደግሞ በፈተና አየሁት። አራት አዲስ ሚስማሮች በብርጭቆ ወረቀት አጥርቼ አጸዳሁ። አንዱን ሊሾው ላይ ባለ ክፍት ጣሳ ውስጥ፣ አንዱን በተዘጋው የብረት ሣጥን ውስጥ፣ አንዱን በወገብ ከፍታ በክር አንጠልጥዬ ተውኳቸው። አራተኛውን የሲንጀር ዘይት ቀብቼ ከጣሳው ሚስማር ጎን አስቀመጥኩት። የወለሉ በሦስተኛው ቀን ቀላ። የሣጥኑ በአምስተኛው። የተንጠለጠለው በሳምንቱ ነጥብ ነጥብ አወጣ። ዘይት የተቀባው ግን ወለል ላይ ሆኖም እስካሁን ንጹሕ ነው።

ሣጥኑ እንደሚጠብቅልኝ ነበር የማምነው። ነገሩ ሲታሰብ ግን ግልጽ ነው። ቀን የገባው እርጥብ አየር እዚያው ይታሰራል። ሌሊት ብረቱ ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ በላዩ ላይ ውሃ ይሆናል። ከቆርቆሮው የሚንጠባጠበውም ያው ነው። ሣጥኑን ከወለሉ አንስቼ ሁለት ጡብ ላይ አድርጌዋለሁ፤ ክዳኑንም ቀን ቀን እከፍተዋለሁ።

ማጣራቱን እሁድ አደረግሁት። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። አከራዬም ወጥተው አብረውኝ ብሎን ሲለዩ ዋሉ። ሦስተኛው ክምር አንድ ባልዲ ሞላ።

አሁን የቀረኝ ሰሌዳው ነው። አንድ ሐሳብ መጥቶልኛል። ትምህርት ቤታችን ነጭ ሰሌዳ ሲያስገባ የድሮዎቹ ጥቁር ሰሌዳዎች ዕቃ ግምጃ ቤት ተቆልለው ቀሩ። ኮምፔርሳቶ (ስስ እንጨት ተደራርቦ የተጣበቀ ጣውላ) ናቸው፣ ማቆሚያ እግርም አላቸው። ርዕሰ መምህሩን አስፈቅጄ አንዱን፣ ጥግ የተላጠውን፣ ወስጃለሁ። በራሱ ስለሚቆም ግድግዳ አልነካም። ጥላውንም በቾክ መሣል እችላለሁ።

ኮምቦልቻ 2ኛ ፈረቃ | ሰኔ 12

መምህርት፣ የቾኩ ነገር በጣም ጥሩ ነው። እኛ በቀጥታ በቀለም ስለሣልን ቦታ ለመቀየር ስንፈልግ መፋቅ ነበረብን። ቀለም ከመንካትዎ በፊት በቾክ ብዙ ጊዜ ይሥሩበት።

የባህር ዳሯ መምህርት | ሐምሌ 7

ሰሌዳውን ካመጣሁ አንድ ወር ሊሞላ ነው። የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

ሰሌዳው 1 ሜትር ከ20 በ90 ነው። የላይኛው ጠርዝ ላይ የጋሼን ባለ ቀዳዳ ሞራሌ በብሎን አሰርኩት፤ ዘጠኙ ካቻቢቴዎች እዚያ ናቸው። መሃሉ ላይ በሦስት ረድፍ የካላማዳሪያ ቀለበቶች አሉ። ከታች፣ ቾክ ይቀመጥበት የነበረው ማረፊያ ላይ፣ የፑንታው ጣውላ ቆሟል። የመሮው ሸራ በስተቀኝ ተዘርግቶ ተሰቅሏል። ጀሪካኖቹ ለብቻቸው በመደርደሪያ ላይ ናቸው።

ቾኩን አራት ጊዜ አጥፍቼ ሥያለሁ። በመጀመሪያ በዓይነት ደረደርኩ፤ መዶሻ ከመዶሻ፣ ፒንሳ ከፒንሳ። ያምር ነበር። ስሠራ ግን ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየተመላለስኩ ዋልኩ። ቀጥሎ በሥራ ሞከርኩ። ሜትር፣ ስኳድራ፣ እርሳስና መቁረጫ ምላጭ አንድ ላይ ሆኑ፤ እንጨት ስለካ አራቱንም በአንድ ላይ ነው የማነሳቸው። ይህኛው ጸንቷል። መሮዎቹና የእንጨት መዶሻው ጎን ለጎን ሆኑ፤ እሱም ጸንቷል። ፒንሳና ጉጠት ግን በየትኛውም ሥራ ውስጥ እየገቡ አስቸገሩኝ። በመጨረሻ የኮምቦልቻውን ምክር ተከትዬ በድግግሞሽ መሃል ላይ አደረግኋቸው። ስለዚህ ጥያቄዬ «በዓይነት ወይስ በሥራ» የነበረው፣ መልሱ ለአንድ መሣሪያ አንድ፣ ለሌላው ሌላ ሆኖ ተገኘ። ይህን ያወቅሁት ቾክ በመሆኑ ነው። ቀለም ቢሆን የመጀመሪያውን ይዤ እቀር ነበር።

ሁለት ነገር አልሠራልኝም። ናሙና ጀሪካኑ ፊት ላይ ማሰር ለትላልቅ ብሎኖች ጥሩ ነው፤ ለትንንሾቹ ግን የ3 እና የ3 ተኩልን ልዩነት አያሳየኝም። እነሱ ላይ ቁጥር ጽፌያለሁ። ሁለተኛ፣ መዶሻዎቹን በካላማዳሪያ መስቀል አልቻልኩም። ከባድ ስለሆኑ ጎማውን ስበው ያወርዱታል። ሁለት ሁለት የእንጨት ችንካር መታሁላቸው።

ቅዳሜ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሊሆን 10 ደቂቃ ሲቀረው ስልኬ ይጮሃል። ሁሉን እመልሳለሁ፣ በዘይት ጨርቅ እነካካለሁ። የ10ሩ መሮ ሸራው ውስጥ በሁለተኛው ኪስ አለ። ተሰንጥቆ የነበረውን እግር በኮላ አያይዤ የአበባ ማሰሮ ማስቀመጫ ሠራሁበት። ለአከራዬ ሰጠኋቸው።

አሁን ጥላዎቹን በነጭ ቀለም ልሥል ነው። አንድ ነገር ብቻ ይጨንቀኛል። የሰሌዳው ጀርባ ከግድግዳው ጋር ሊነካካ ምንም አልቀረውም። ግድግዳው ደግሞ በዚህ ሰሞን ሲነካ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። ኮምፔርሳቶው እንዳያብጥብኝ ምን ላድርግ?

አናጺ ከማርቆስ | ሐምሌ 7

ጎበዝ እህቴ። ሰሌዳውን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቂው፤ አየር ይለፍበት። ጀርባውንና በተለይ አራቱን ጠርዞች ቀለም ቀቢ። ኮምፔርሳቶ ውሃ የሚጠጣው በጠርዙ ነው። አሁን ግን አትቀቢው፤ በዚህ እርጥበት ቀለሙ አይይዝልሽም። ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ስትወጣ አውጥተሽ አድርቀሽ ያኔ ትቀቢዋለሽ። የእግሮቹንም ጫፍ እንዳትረሺ፤ ሊሾው ላይ የሚቆሙት እነሱ ናቸው።